ደረቅ እንጨት የሚያነደው ማን ነው?

ክረምት በገባ ቁጥር በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች ማገዶ ይወደዳል። መንገዱ ይጨቀያል፤ አይሱዙው እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ዘልቆ መግባት ያቅተዋል፤ ከእንጦጦና ከየካ ተራራ በሴቶች ጀርባ የሚወርደውም ሸክም ይቀንሳል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ነገር በሐምሌ የሚሸጠው እንጨት ከጥሩ እንጨት ጋር በስም እንጂ በይዘት አንድ አለመሆኑ ነው። ገዢው በጨመረ ዋጋ ወደ ቤቱ የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ ግማሽ ገደማ ውሃ የሆነ ዕቃ ነው፤ ያንን ውሃ አትንኖ የሚያስወግደውም በዚያው በገዛው እንጨት ሙቀት ነው።

ስለ ማገዶ እንጨት የሚጻፈው በአመዛኙ ሁለት ነገር ይነግረናል፤ አንደኛው ደን እያለቀ መሆኑን፣ ሁለተኛው ጢስ ሰው እየገደለ መሆኑን። ሁለቱም ትልልቅ ጉዳዮች ናቸውና እደርስባቸዋለሁ። እኔን ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ የቆየው ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ ነው፦ በዚህ ዓለም ላይ ደረቅ እንጨት የሚያነደው ማን ነው? እርጥቡ የሚደርሰውስ ለማን ነው? ከፊንላንድ እስከ ቺሊ ያለውን የማገዶ ነገር ስከታተል፣ ልዩነቱን የሚፈጥረው የዛፉ ዝርያ ወይም የአገሩ አየር እንዳልሆነ እየጎላ ታየኝ። እንጨት ለማድረቅ ጊዜ፣ ጣራ ያለው ቦታና አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ያስፈልጋል። ሦስቱ ያሉት ሰው በአንድ ግንድ ሁለት ቀን ይሞቃል፤ የሌሉት ሰው በሁለት ግንድ አንድ ቀን ያበስላል።

የምኖረው በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በየካ አባዶ ነው። በሕንፃዎቹ ውስጥ ያለነው ሰዎች በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጋግራለን፤ መብራት ሲጠፋና ድግስ ሲደገስ ግን ወደ ኮሚናሉ ወርደን ጉልቻ እንጎልታለን። ከሕንፃዎቹ ባሻገር ባሉት የጭቃ ቤቶች ደግሞ እንጨት የዕለት ተዕለት ነዳጅ ነው። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ እንጀራ ጋግረው ለሰፈሩ ሰው በመሸጥ የሚተዳደሩ እናት አሉ። ባለፈው ነሐሴ እንጀራ ልወስድ ሄጄ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ከማብሰያ ቤታቸው በር ላይ ተጠልዬ ሥራቸውን አይ ነበር። ከምጣዱ ሥር የገባው የባሕር ዛፍ ፍልጥ በአንድ ጫፉ ሲነድ፣ በሌላው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነጭ አረፋ እየደፈቀ ይንሿሿል። ጢሱ ወደ ላይ አልወጣ ብሎ ቤቱን ሞልቶታል። እሳቸው ሊጡን አዙረው አክምባሎውን ከከደኑ በኋላ ጎንበስ ብለው እፍ ይላሉ፤ እንጀራውን አውጥተው ምጣዱን ካሰሱ በኋላ ደግመው እፍ ይላሉ። በምድጃው ግራና ቀኝ ገና ወደ እሳት ያልገቡ ፍልጦች ተደርድረዋል፤ የነገውን እንጨት በዛሬው እሳት ወላፈን እያደረቁ መሆኑ ነው።

«እማማ፣ ዘንድሮ እንጨት ጠፋ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ እንጨቱማ መች ጠፋ፤ ደረቁ ነው የጠፋው። በበጋ ገዝቼ እንዳላስቀምጥ የት ላኑረው? በየትኛውስ ብር?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማገዶ የማነብበውን ሁሉ የምመዝነው በዚህ መልስ ነው።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ገደማ ውሃ ነው። ተፈልጦ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኘው፣ ዝናብ ግን በማይደርስበት ቦታ ሲከርም የውሃው ድርሻ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ፍጹም የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት፣ ዝርያው ምንም ይሁን ምን፣ ወደ 18 ወይም 19 ሜጋ ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል፤ በአየር የደረቀው ወደ 14 ወይም 15፣ አዲስ የተቆረጠው ደግሞ ወደ 8 ይሰጣል። ስለዚህ በክብደት ሲመዘን እርጥብ እንጨት የገዛ ሰው የሚያገኘው ሙቀት ደረቅ ከገዛው ሰው ግማሽ ከፍ ያለ ብቻ ነው። ይህ ግን የኪሳራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ የባሰው ኪሳራ የሚደርሰው እዚያው ምድጃው ውስጥ ነው። እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ ውሃው ይተንናል። ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ ራሱ እንጨቱ መፈራረስ ይጀምርና ከደረቅ ክብደቱ አራት አምስተኛ ያህሉ ጋዝና እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ የምናየው ነበልባል የዚያ ጋዝ መንደድ ነው። ጋዙ ተሟጦ እንዲነድ ከ600 ዲግሪ የማያንስ ሙቀትና በቂ አየር ይፈልጋል። እርጥብ እንጨት እሳቱን ስለሚያቀዘቅዘው ጋዙ ሳይነድ ያመልጣል፤ ዓይን የሚያቃጥለው፣ ሳንባ የሚያቆስለው፣ ጣራውን ጥላሸት የሚያለብሰው ያ ያመለጠው ነው። ማብሰያ ቤቱን የሞላው ጢስ ገንዘብ ተከፍሎበት፣ በጀርባ ተጉዞ፣ ሥራውን ሳይሠራ የወጣ ማገዶ ነው። ከደረቅ ጋር እርጥብም ይነዳል ይባላል፤ እናቶች ደረቅ ጭራሮ ከእርጥብ ፍልጥ ጋር እያቀላቀሉ ያንን በየቀኑ ይሠሩበታል። ነገር ግን እርጥቡ የሚነደው የደረቁን ሙቀት በልቶ ነው።

ይህን ስሌት ወደ እንጦጦ ሴቶች ብንወስደው ነገሩ ይከብዳል። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆነው ተራራ ተነሥተው ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ፈረንሳይ ወይም ወደ ኮተቤ የሚወርዱት ሴቶች በጀርባቸው የሚሸከሙት ከ30 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ሸክሙ ቅጠልና የወደቀ ጭራሮ ሲሆን ቀለል ያለና ደረቅ ነው፤ ገና የተቆረጠ እርጥብ ቅርንጫፍ ሲሆን ግን ከ30ው ኪሎ 15ቱ ውሃ ነው። አንዲት ሴት ግማሽ ጀሪካን ከሚበልጥ ውሃ ጋር ከተራራ ወርዳ፣ ያንን ውሃ ለሌላ ሴት ትሸጣለች፤ ገዢዋም በጢስ ውስጥ ጎንበስ ብላ ታተነዋለች። ለምን አድርቃ አታወርደውም የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ ዛሬ ቆርጣ ለሦስት ሳምንት ተራራው ላይ ብትተወው ተመልሳ አታገኘውም፤ ዛፉ የእሷ አይደለምና። ጥበቃ ይወስደዋል ወይም ሌላ ሰው ያነሣዋል። በዚያ ላይ የዛሬው ሸክም የዛሬ ምሽት እራት ነው። እንጨት የሚደርቀው መጠበቅ በሚችል ሰው እጅ ነው። ከእነዚህ ሴቶች መካከል የተወሰኑት በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመና ገብተዋል፤ የተራራው አንድ ክፍልም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፓርክ ሆኗል። ሸክሙ ግን ከመንገዱ አልጠፋም፤ ማለዳ ወደዚያ የወጣ ሰው ዛሬም ያገኘዋል።

አዲስ አበባ ዋና ከተማ ሆና የመቆየቷ ነገር ራሱ ከማገዶ ጋር የተያያዘ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተመነጠረ አለቀ። ማገዶ ከሩቅ መምጣት ሲጀምር ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ መሥራት አስጀመሩ፤ ዋና ከተማዋም ወደዚያ ልትዛወር ተቃርባ ነበር። ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገባ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ኮረብታዎቹን ሸፈነ። በፍጥነት ያድጋል፣ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፤ ለማገዶ ከዚህ የተሻለ ጠባይ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ውሃ ይመጥጣል፣ በሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም፣ የእህል መሬት ይሻማል የሚሉትን ወቀሳዎች አውቃለሁ፤ በምንጭና በማሳ ዳር ሲተከል ወቀሳው ተገቢ ነው ብዬም አምናለሁ። ሆኖም አንድ ከተማ የራሷን ነዳጅ ተክላ ራሷን ያቆመችበት ታሪክ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝምና፣ ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት ብቻ ማየት ውለታውን መርሳት ይመስለኛል። ያን ጊዜ የተፈታው ግን እንጨት የማግኘት ጥያቄ ነው፤ ደረቅ እንጨት የማግኘት ጥያቄ ሳይነካ እዚህ ደርሷል።

በሌላው የዓለም ጫፍ ያሉትን እንይ። በፊንላንድ ከእንጨትና ከእንጨት ተረፈ ምርት የሚገኘው ኃይል ከአገሪቱ ጠቅላላ የኃይል ፍጆታ ከሩብ በላይ ነው፤ ዋናው ክፍል ከወረቀትና ከጣውላ ፋብሪካዎች የሚወጣው ተረፈ ምርት ቢሆንም፣ የገጠር ቤቶችና ሳውና የሚባሉት የእንፋሎት መታጠቢያዎች በፍልጥ ይሞቃሉ። በኖርዌይም በስዊድንም እንዲሁ ነው። በእነዚህ አገሮች የማገዶ ሥራ የሚጀመረው በረዶው ሳይቀልጥ ነው፤ ዛፉ በክረምቱ ማብቂያ ይቆረጣል፣ በጸደይ ይፈለጣል፣ ነፋስ እንዲያልፍበት ተደርጎ ይከመራል፣ በጋውን ሙሉ ደርቆ በመጸው ወደ መጋዘን ይገባል። ጥንቁቅ ቤተሰብ የሚቀጥለውን ዓመት ብቻ ሳይሆን የዚያን ተከታይ ዓመት ማገዶ ጭምር ከምሮ ያስቀምጣል። ምድጃቸው ደግሞ በድንጋይ ወይም በሸክላ የተገነባ ከባድ ምድጃ ሊሆን ይችላል፤ ደረቅ እንጨት በአንድ ጊዜ በኃይለኛ እሳት ይነድበታል፣ ግንቡ ሙቀቱን ይይዝና ቀኑን ሙሉ እያቀመሰ ይለቀዋል። እኔን የሚያስቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። የእነሱ በጋ አጭር ነው፤ የእኛ ፀሐይ ግን ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ያለ ብዙ ዝናብ ትወጣለች፤ በከፍታችንም ላይ አየሩ ደረቅ ነው። እንጨት ለማድረቅ ከኦስሎ ይልቅ የካ አባዶ የተሻለ ቦታ ነው፤ ሆኖም እርጥብ የምናነደው እኛ ነን።

ማድረቅ ለግለሰብ ብቻ የሚተው ጉዳይ እንዳልሆነ የተረዱ መንግሥታት አሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ ከ2 ሜትር ኩብ ባነሰ መጠን የሚሸጥ ማገዶ የውሃው ድርሻ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ በሕግ ተደንግጓል። ሕጉ ትንሹን መጠን መምረጡ አስተዋይነት ነው፤ በትንሹ የሚገዛ ሰው በዚያው ዕለት ወይም በዚያው ሳምንት የሚያነድ ነውና፣ በብዛት የገዛው ግን ራሱ የማድረቂያ ጊዜ አለው ከሚል እሳቤ የመጣ ይመስላል። ለእኛ የበለጠ የሚቀርበው የቺሊ ነገር ነው። በደቡብ ቺሊ ቴሙኮና ኮያይኬን በመሳሰሉ ከተሞች ቤቶች የሚሞቁት በእንጨት ነው፤ በክረምት አየራቸው በደቡብ አሜሪካ በጣም ከተበከሉት የከተማ አየሮች ይመደባል። ምክንያቱ ሲመረመር ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው እርጥብ እንጨት በማይመች ምድጃ መንደዱ ሆኖ ተገኘ። እርጥቡን የሚገዛውም ርካሽ ስለሆነለት በየጊዜው በትንሽ በትንሹ የሚገዛው ድሃው ነው። ለረጅም ጊዜ የደረቅ እንጨት ማረጋገጫ በፈቃደኝነት ሲሰጥ ከቆየ በኋላ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የማገዶን ጥራት የሚቆጣጠር ሕግ አወጣች። በአገራችን በርበሬና ቅቤ ላይ ባዕድ ነገር ተቀላቀለ ተብሎ ይጮኻል፤ በእንጨት ውስጥ ስላለው ውሃ ግን የሚጠይቅ የለም።

ከሰልም ከዚሁ ጥያቄ የተወለደ ይመስለኛል። በባህላዊ መንገድ፣ እንጨት ከምሮ በአፈር ሸፍኖ በማክሰል፣ ከአሥር ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ከሰል ነው። ከሰሉ በኪሎ እስከ 30 ሜጋ ጁል ሙቀት ቢኖረውም፣ ሲደመር ከእንጨቱ ኃይል ሁለት ሦስተኛው ወይም ከዚያ በላይ ጫካ ውስጥ ጢስ ሆኖ ቀርቷል። ታዲያ ሰው ይህን ያህል ኪሳራ ያለበትን ነገር ለምን ይመርጣል? ከሰል ደረቅ ስለሆነ ነው። ቀላል ነው፣ በማዳበሪያ ይጫናል፣ አልጋ ሥር ይቀመጣል፣ ክረምት ከበጋ አይለይም፣ ሲነድ ጢሱ ትንሽ ነው። ለማድረቂያ ቦታና ጊዜ የሌለው የከተማ ሰው አክሳዩ በጫካ ያደረቀለትን ይገዛል፤ የማድረቂያው ዋጋም ሁለት ሦስተኛው እንጨት ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሳይሸት ሳይታይ የሚገድል ጋዝ ማውጣቱ ደግሞ የዚህ ምርጫ ሌላው ዕዳ ነው፤ በየክረምቱ የምንሰማው የሞት ዜና ከዚያ ይመጣል።

ለረጅም ጊዜ የአዲስ አበባ ከሰል የመጣው ከስምጥ ሸለቆ ግራር ነው፤ ግራሩም መልሶ ሳይበቅል ብዙ ቦታ ተራቆተ። ከዚህ የተለየውን መንገድ ያሳዩን የአዊ ገበሬዎች ናቸው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ የተባለውን፣ እሱም ከአውስትራሊያ የመጣውን የግራር ዝርያ በማሳቸው ይተክላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጠው ያከስላሉ፣ መሬቱን መልሰው ይተክላሉ። የዛፉ ሥር ናይትሮጅን ስለሚይዝ የደከመ አፈር ያገግማል። ከሰሉ እዚህ ድረስ መጥቶ ይሸጣል። ብራዚልም ሚናስ ዤራይስ በተባለው ግዛቷ የብረት ማዕድን ከምታቀልጥባቸው ነዳጆች አንዱ ከባሕር ዛፍ ተክል የተሠራ ከሰል ነው። ማገዶ በራሱ የደን ጠላት አይደለም የምለው እነዚህን እያየሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዓለም ድሆች ማገዶ እያነደዱ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ደኑን ይጨርሱታል የሚል ትንበያ በሰፊው ተነግሮ ነበር፤ እንደተፈራው አልሆነም። ምክንያቱ ብዙው የገጠር ሰው የሚያነደው የወደቀ ቅርንጫፍ፣ የአጥር ዛፍና በራሱ ጓሮ የተከለውን በመሆኑ ነው፤ ደኑን በይበልጥ የመነጠረው የእርሻ መስፋፋት ነው። እውነተኛው አደጋ ያለው ከተሞች ከሰላቸውን ከአንድ አካባቢ ደጋግመው በሚያወጡበት ቦታ ነው፤ ያም ለብቻው ሊታይ ይገባል።

ከዓለም ደኖች በየዓመቱ ከሚቆረጠው እንጨት ግማሽ ያህሉ ዛሬም ለማገዶ የሚውል ነው፤ ከ2 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰውም በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ያበስላል። ሀብታሞቹ አገሮች ከዚህ ወጥተዋል የሚለው አባባልም ሙሉ እውነት አይደለም። በእንግሊዝ ሰሜን ዮርክሻየር ያለው ድራክስ የተባለ ግዙፍ የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከድንጋይ ከሰል ወደ እንጨት ዞሮ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ በመርከብ የሚመጣ በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር እንጨት በየዓመቱ ያነዳል። ያ አሠራር ለአየር ንብረት ይበጃል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክር አላለቀም፤ እኔ ይጎዳል ከሚሉት ጋር ነኝ፤ የተቆረጠው ዛፍ እስኪተካ የሚያልፈው ጊዜ ረጅም ነውና። እዚህ ላነሣው የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። ያ እንጨት ውቅያኖስ ከመሻገሩ በፊት ተፈጭቶ፣ በፋብሪካ ውስጥ የውሃው ድርሻ ከ10 በመቶ በታች እስኪሆን ደርቆ፣ እንደ መኖ ተጠቅጥቆ ነው የሚጫነው። ገንዘብ ያለው ነጋዴ ውሃ ጭኖ ባሕር አያሻግርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤንዚን ሲጠፋ በአውሮፓ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መኪኖች ከእንጨት በሚወጣ ጋዝ ይሄዱ ነበር፤ ያኔም ሹፌሩ የመጀመሪያ ጥንቃቄው እንጨቱ ደረቅ መሆኑን ማረጋገጥ ነበር፤ እርጥብ የጎረሰ ሞተር ይቆማልና። እርጥብ እንጨት አቅርበንለት ሥራህን ቀጥል የምንለው በማብሰያ ቤት ያለውን ሰው ብቻ ነው።

ያ ሰው ሴት ናት፤ አጠገቧም ሕፃን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 የሞቱትን ሰዎች 3.2 ሚሊዮን ይገምታል፤ ሳንባ ምች የሚገድላቸው ሕፃናት፣ የልብና የሳንባ በሽታ የሚጥላቸው አዋቂዎች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ምድጃን ማሻሻል ለዚህ አንዱ መልስ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ወደ ድስቱ የሚገባው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። «ምርጥ» በሚል ስም የሚታወቀው የእንጀራ ምድጃ፣ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከልለው፣ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል፤ ከኋላው በሚወጣው ሙቀት ላይም ድስት ይጣድበታል። በአገራችን ቤት ከግማሽ የሚበልጠው የማብሰያ ማገዶ ለእንጀራ የሚሄድ በመሆኑ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሰጋቱራ ምድጃውም ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከጣውላ ቤት በርካሽ የሚገኘው ሰጋቱራ በቆርቆሮ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ለሰዓታት ወጥ ያበስላል። ነገር ግን በምርጡ ምድጃ ውስጥም እርጥብ እንጨት ከገባ ጢሱ ይወጣል። ስለ ምድጃ ብዙ ፕሮጀክት አይተናል፤ ስለ እንጨት መጠለያ የተሠራ ፕሮጀክት ግን በሰፈራችን አላየሁም።

ኤሌክትሪክ ሁሉንም ይተካዋል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የሚደርሰው ቤት ሁሉ እንዲያገኘው እመኛለሁ፤ የኃይል ምንጫችን በአብዛኛው ውሃ በመሆኑም ከእንጨት የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት የሚስብ ዕቃ ነው፤ በጭቃ ቤቶቹ ከጎረቤት በተሳበ ቀጭን ሽቦ የሚመጣ መብራት ያንን አይሸከምም። እንጀራ የሚሸጡት እናት በቅርብ ዓመታት እንጨት ይተዋሉ ብዬ አላስብም። እስከዚያ ድረስ የሚያነድዱት ደረቅ መሆን አለበት።

ይህን ሐሳብ በሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ አቅርቤዋለሁ። የዕድሩ መጋዘን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት አለው፤ ለሐዘን ቤት የሚነደውን እንጨት ግን በዚያው ዕለት ሮጠን፣ የተገኘውን ያህል እርጥብ ሆኖም እንገዛለን። በጥቅምት፣ እንጨት በሚረክስበት ወቅት፣ ባሕር ዛፉ ገና እርጥብ ሳለ ቢገዛና ወዲያው ቢፈለጥ ይሻላል፤ ፈላጮቹ እንደሚሉት ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ መጥረቢያ አይቀበልም። ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ግድግዳ በሌለው ቆርቆሮ ጣራ ሥር በጋውን ከከረመ፣ በሐምሌ ለዕድሩ ፍጆታ ይውላል፤ የተረፈውም ለአባላት በተገዛበት ዋጋ ላይ ትንሽ ተጨምሮበት በዱቤ ሊሸጥ ይችላል። አባላቱ የተቃወሙት በምክንያት ነው። እሳት ቢነሣስ ተባለ፤ መጠለያው ከመጋዘኑ ራቅ ብሎ እንዲሠራ ሐሳብ ቀረበ። ሌሊት ቢሰረቅስ ተባለ፤ ዘበኛው ጥቂት እንዲጨመርለት ተስማማን። ማን ይረከበዋል፣ መድረቁንስ ማን ይመሰክራል በሚለው ላይ ብዙ ከተከራከርን በኋላ ከሴቶቹ አንዷ ተነሥተው ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ ሲጋጭ ከሚሰጠው ድምፅና ጫፉ ላይ ከሚወጣው ስንጥቅ የእንጨትን መድረቅ የማታውቅ ባልትና ሴት እንደሌለች አስረዱ፤ ተረካቢ ኮሚቴውም ከእነሱ እንዲመረጥ ተወሰነ። እንጀራ የሚሸጡት እናት ከሦስቱ ተመራጮች አንዷ ናቸው። የገንዘቡ ጉዳይ በሚቀጥለው የወሩ ስብሰባ ይታያል፤ እስከዚያ የርብራቡን፣ የምሰሶውንና የቆርቆሮውን ዋጋ አጣርቼ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ።